ኮከብ የሌለበት ወረቀት

ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አራት ቦታ ታጥፏል። ጠርዙ ላይ ቡና ፈሶበታል። ልጥለው እያልኩ አነሳውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። 58 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ስትደልዝ፣ ሽሮ ስታዘጋጅ፣ ለሰፈሩ ስትሸጥ ኖራለች። ሰኔ መጀመሪያ ላይ «ድካም ድካም ይለኛል» አለች። እሷ ደከመኝ ካለች ነገር አለ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ደም ሰጠች። ሁለት ወረቀት ይዘን ወጣን። አንዱ የደም ቆጠራ ነው፣ አንዱ የጉበት።

የጉበቱ ላይ ሦስት ቁጥር ነበር። ኤስጂኦቲ 38፣ ኤስጂፒቲ 24፣ ከሥር አልካላይን ፎስፋቴዝ። ከአንዱም ጎን ኮከብ የለም። ላብራቶሪው ከልክ የወጣውን በኮከብ ነው የሚያመለክተው። እኔም ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ኮከብ አለ ወይ የሚለውን ነው። ከሌለ እፎይ እላለሁ።

የደም ቆጠራው ላይ ግን አንድ ኮከብ ነበር። ደም እንዲረጋ ከሚረዳው ከፕላትሌት ጎን። 84 ሺህ ይላል። ትንሹ ልክ 150 ሺህ ነው። «ትንሽ ደም ማነስ ይመስላል፣ በደንብ ትመገብ» ተባልን። ቀይ ሥር ገዝቼ ገባሁ። ማታ ሁለቱንም ወረቀት በስልኬ አነሳሁና ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ከሥሩ «ጉበቷ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ጻፍኩ።

ያቺ መልእክት እስካሁን እዚያው አለች። ወደ ላይ ሳሳብ አገኛታለሁ።

መቀነቱ

ክረምቱ እንደማንኛውም ክረምት አለፈ። እቴቴ ፍልሰታን ጾመች። ጉልበቷን ሲያማት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁላት ትውጥ ነበር። ቀን ቀን ታንቀላፋለች፣ ሌሊት ሌሊት ትነቃለች። «እርጅና ነው» ትላለች። እኛም እርጅና ነው አልን።

እንቁጣጣሽ ዕለት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መቀነቷን ስትታጠቅ አጠገቧ ነበርኩ። ያ መቀነት ድሮ ሦስት ዙር ይዞራት ነበር። ያን ቀን ሁለት ዙር ዞሮ ጫፉ ለቋጠሮ አልበቃ አለ። «ወፈርኩ እኮ» አለችና ሳቀች። እጇን አየሁት። የእጅ አምባሯ እስከ ክርኗ ድረስ ይንሸራተታል። ሆዷ ሲገፋ ክንዷ ከስቷል። እንዲህ ያለ ውፍረት አይቼ አላውቅም።

ቡና አፈላች። ጀበናውን አንስታ ስትቀዳ እጇ ድንገት ክንፍ እንዳለው ነገር እጥፍ ብሎ ተመለሰ። ቡናው ስኒውን ስቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከረች። እንደገና ሳተች። ማንም ምንም አላለም። ጀበናውን ተቀብያት እኔ ቀዳሁ። እሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይኼ ነው። ላዩ በዓል ነው፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል።

ኮሪደሩ ላይ

ጥቅምት ላይ እግሯም አበጠ። ያኔ ነው ትልቅ ሆስፒታል የወሰድናት። ሦስት ቀን ተመላለስን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። ሬዚደንት ናት። ተረኛ አድራ ዓይኗ ቀልቷል። ወረቀቶቹን የመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረቻቸው። የሰኔውን በግራ፣ የጥቅምቱን በቀኝ። ከጋውኗ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች።

«እህቴ፣ ይኼን ስታዩ ምን ተባላችሁ?» አለችኝ፣ የሰኔውን እያሳየች።

«ኖርማል ነው ተባልን።»

«ቁጥሩስ ኖርማል ነው» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «ጉበቷ ደህና ነው ግን አይልም።»

ከዚያ እንደ እህት አስረዳችኝ። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ የጉበት ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። ስለዚህ ቁጥራቸው ከፍ ሲል ዛሬ እየተጎዳ ያለ ጉበት አለ ማለት ነው። ስንት ጉበት እንደቀረ ግን አይናገሩም። ለዓመታት ቀስ ብሎ የተበላ፣ በጠባሳ የተሞላ ጉበት ኢንዛይሙ ልኩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። «ጭስ የሚታየው የሚነድ ነገር ሲኖር ነው» አለችኝ። «ነድዶ ያለቀ ቤት ጭስ የለውም።»

እስክሪብቶዋን 38ና 24 ላይ አሳረፈች። «ደግሞ ይኼን እይው። አብዛኛውን ጊዜ ኤስጂፒቲ ነው የሚበልጠው። እዚህ ተገልብጧል። ጠባሳው ሲበዛ እንዲህ ይገለበጣል።» ሁለቱም ልኩ ውስጥ ስለሆኑ ማንም ኮከብ አላደረገባቸውም። ማሽኑ እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ነው የሚያየው።

ከዚያ ወደ ደም ቆጠራው ሄደች። እኔ ቀይ ሥር የገዛሁለትን 84 ሺህ ከበበችው። ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር ከአንጀት የሚመጣው ደም እንደልቡ አያልፍም። ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ፕላትሌት እንዲመረት ትእዛዝ የሚሰጠው ሆርሞንም በብዛት የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ሲደክም ትእዛዙም ይቀንሳል። ስለዚህ የጉበቱ ዋና ዜና የጉበቱ ወረቀት ላይ አልነበረም። ሌላኛው ላይ ነበር።

ስልኳን አውጥታ ካልኩሌተሩን ከፈተች። ይኼን ቅጽበት እስካሁን ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ። «ፊብ-ፎር የሚባል ስሌት አለ» አለች። ዕድሜዋን በኤስጂኦቲ አባዛች። 58 በ38፣ 2204። ከዚያ የኤስጂፒቲውን ስኩዌር ሩት፣ 4.9 ገደማ፣ በ84 አባዛች። አካፈለች። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። 5.35 ይላል።

«ከ3.25 ካለፈ ጠባሳው ጠንቷል ብለን እንጠረጥራለን።»

ስሌቱ ብቻውን እንደማይፈርድም ነገረችኝ። ፕላትሌት በወባም ይወርዳል፣ በሌላ በሽታም ይወርዳል። ግን አንድ ሐኪም ያን ወረቀት አይቶ ቢያንስ አልትራሳውንድ ይበል ነበር። ዕድሜዋ፣ ሁለቱ ኢንዛይሞች፣ ፕላትሌቷ። አራቱም ቁጥር ሰኔ ላይ እጄ ውስጥ ነበሩ። አዲስ ምርመራ አያስፈልግም ነበር። አራት ወር ቆጠርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር ታላላቆቻችን። ቅጠሉ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ክሊኒኩ ላይ ተናድጄ ነበር። አሁንም ቅሬታዬ አልወጣም። ግን ከእነሱ ይልቅ የሚከነክነኝ ያ ወረቀት «የጉበት» የሚል ርዕስ ይዞ መምጣቱ ነው። ሰው «የጉበት ምርመራ አድርጌ ነፃ ነኝ» ሲል ስሰማ አሁን ዝም ማለት አልችልም። የትኛው? እላለሁ። አልቡሚን አለበት? ፕላትሌትህ ስንት ነው?

ሰማያዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ

የጥቅምቱ ወረቀት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ጉበቱ የሚሠራው ሥራ ራሱ ተለክቷል።

አልቡሚን 2.6። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ውሃ ከደም ሥር እንዳይወጣ ይዞ የሚያቆየውም እሱ ነው። ሲያንስ እግር ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። 3.5 ገደማና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ቢሊሩቢን 2.4። ይኼ ጉበት አጥርቶ ወደ ሐሞት ማስወጣት ያለበት ቢጫ ነገር ነው። ዓይኗ ብጫ ብጫ ያለው ለዚህ ነው። ጎረቤታችን አይታ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ናት» ብላ የሚጠጣ ቅጠል ጠቁማን ነበር። በክፋት አይደለም። እኛም ልጆች ሆነን እንዲሁ ስንሰማ ነው ያደግነው። ደግነቱ እቴቴ አልጠጣችውም።

ሦስተኛው አይኤንአር ነው። ደሟ ለመርጋት ስንት ጊዜ እንደሚወስድበት። ሆስፒታሉ ውስጥ ሪኤጀንት አልቋል ተባለ። ደሟ ሰማያዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ተቀድቶ ተሰጠኝና ውጭ ወዳለ የግል ላብራቶሪ በእግሬ ሮጥኩ። ብልቃጡ እስከ መስመሩ ድረስ መሙላት አለበት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከደሙ ጋር በልክ ካልተቀላቀለ ውጤቱ ይሳሳታል። መጀመሪያ የተቀዳው ጎደሎ ነው ብለው መለሱኝ። ተመልሼ እንደገና እጇን ወጉ። እቴቴ ክንዷን ዘርግታ «ውሰዱ ልጆቼ፣ ደም እንደሆነ ሞልቶኛል» አለች። ያን ቀን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

1.6 መጣ። ዶክተሯ ወዲያው አልፈረደችም። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ቫይታሚን ኬ ይፈልጋሉ። ቫይታሚኑ ጎድሎም ሊሆን ይችላል። መርፌ ሰጥታት በሚቀጥለው ቀን አስደገመች። 1.6 ላይ ቀረ። ጥፋቱ የቫይታሚን አልነበረም።

ከሁሉ የገረመኝ አልቡሚንና አይኤንአር የሚናገሩት ስለ ተለያየ ጊዜ መሆኑ ነው። አልቡሚን ደም ውስጥ እድሜው ረጅም ነው፤ ግማሹ ለመጥፋት ሃያ ቀን ገደማ ይፈጃል። ዛሬ የምታየው 2.6 ያለፉት ሳምንታት ታሪክ ነው። ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ አይኤንአር የዛሬ ጠዋቱን ጉበት ይናገራል። አንዱ የወሩ ነው፣ አንዱ የቀኑ። ይኼን ካወቅኩ በኋላ ወረቀቱ የቁጥር ድርድር መሆኑ ቀረ። እንደ ደብዳቤ አነበው ጀመር።

ሲ

ዶክተሯ አምስት ነገር ደመረች። ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ አይኤንአር፣ የሆድ ውሃ፣ የአእምሮ መደናገር። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ቻይልድ-ፒው ይባላል። ቻይልድና ተርኮት የሚባሉ ሁለት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1964 አወጡት፤ ማን ኦፕራሲዮኑን እንደሚችል ለመለየት ነበር። በ1973 ፒው አሻሻለው። የበሽተኛው አመጋገብ ይታይ የነበረበትን ቦታ በደም መርጋት ተካው። ከ5 እስከ 6 ኤ፣ ከ7 እስከ 9 ቢ፣ 10ና ከዚያ በላይ ሲ።

የእቴቴ ቢሊሩቢን 2 ነጥብ፣ አልቡሚኗ 3፣ አይኤንአሯ 1፣ ሆዷ 2። የጀበናው ነገር፣ የሌሊቱ መንቃት የአእምሮ መደናገሩ ምልክት ናቸው፤ 2። አሥር። ሲ።

ቡናው ረከቦቱ ላይ የፈሰሰባት ያቺ ደቂቃ ነጥብ አላት። ይኼን ስሰማ ደነገጥኩ። ዓይናችን እያየ ያለፍነው ነገር ከላብራቶሪው ቁጥር እኩል ተቆጠረ።

ሌላም ስሌት አለ፣ ሜልድ የሚባል። ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አሜሪካ የጉበት ንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያዝበት ነው። ቢሊሩቢን፣ አይኤንአርና የኩላሊቱን ክሬያቲኒን ነው የሚያየው። ከ6 እስከ 40 ይሄዳል። የእቴቴ 15 መጣ። እህቴ በስልክ «አሥራ አምስት ከአርባ? ደህና ነው አይደል?» አለችኝ። እኔም ደስ ሊለኝ ነበር።

ዶክተሯ ግን ሶዲየሟን አሳየችኝ። 129። ጨው ስላልበላች አይደለም። ሰውነቷ ውሃ ይዞ ደሟን ስላቀጠነው ነው። ሶዲየም ስሌቱ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሲገባ 15 የነበረው 22 ሆነ። ያው ሴት፣ ያው ቀን፣ ያው ደም። አንድ ቁጥር ሲጨመር ሌላ ሰው መሰለች።

ክሬያቲኒኗ ደግሞ 0.7 ነበር። ውብ ቁጥር ነው። ግን ክሬያቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመጣው። የእጅ አምባሯ እስከ ክርኗ የሚንሸራተት ሴት ጡንቻ ከየት ይመጣል? ኩላሊቷ ቢደክም እንኳ ቁጥሩ ቶሎ አያሳብቅም። ሴቶች ከመጀመሪያውም ጡንቻቸው አነስ ያለ ስለሆነ ይኼ ስሌት ለዓመታት በሽታቸውን አሳንሶ ሲያይ፣ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ሲያስቀራቸው ኖሯል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲሱን ስሌት ስትጀምር ለሴቶች ነጥብ ጨመረች፣ አልቡሚንንም አስገባች። ይኼን ሳነብ ስለ እቴቴ የተጻፈ ነበር የመሰለኝ። እሷ እዚህ ሆና የምትይዘው ወረፋ የለም። ቁጥሩ ለእኛ የሚጠቅመን በምን ያህል ፍጥነት መሮጥ እንዳለብን ስለሚነግረን ነው።

ዲክሎፌናኩ በዚያው ቀን ቆመ። ለዚህ ዓይነቱ ጉበት ያ ኪኒን ኩላሊት ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። አራት ወር ሙሉ ከፋርማሲ የገዛሁላት እኔ ነበርኩ።

ከየት መጣ

«ትጠጣለች?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠየቅን። እቴቴ ጠላ ትጠምቃለች እንጂ አትጠጣም። በጠባሳ ለጠነከረ ጉበት የሚሰጠው ስም፣ ሲሮሲስ፣ ከመጠጥ ጋር ስለተጣበቀ ለጎረቤት መናገር አፍራ ነበር። ዶክተሯ ሌላ ነገር ጠየቀቻት። «እናቴ፣ የት ነው ያደጉት?» ደምቢያ፣ ጣና ዳር። ልጅ ሆና ሐይቁ ውስጥ ስትዋኝ፣ ውሃ ስትቀዳ ነው ያደገችው። ቢልሃርዚያም ጣፊያን ያሳብጣል፣ ፕላትሌትን ያወርዳል። ግን በቢልሃርዚያ ጉበቱ ሥራውን ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ አልቡሚኑም አይወርድም። የእሷ ወርዷል። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈለገች። ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ።

ምናልባት ስትወለድ ከእናቷ ይዛው ይሆናል። ሕፃን ሆኖ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ አብሮት ይኖራል። አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እሷም አላገኘችውም፣ እኔም አላገኘሁም። በማግሥቱ ተመረመርኩ። የለብኝም። ክትባቱን ጀመርኩ።

ደብተሩ

ለቫይረሱ ቴኖፎቪር በቀን አንድ ትወስዳለች። ሽንት የሚያሸና መድኃኒትና ለመደናገሩ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕም አለ። ምሽት ሳትበላ እንዳትተኛ ተነግሯታል። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ጡንቻዋን ይበላዋል። ጾሙን መተው ከመድኃኒቱ ሁሉ ከብዷት ነበር። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል» ሲሏት ነው የተቀበለችው።

አንድ ደብተር ገዛሁ። መስመር አሰመርኩበት። ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ አይኤንአር፣ ሶዲየም፣ ክሬያቲኒን፣ ፕላትሌት። ከስድስት ወር በኋላ ቢሊሩቢን 1.3፣ አልቡሚን 3.2፣ አይኤንአር 1.3። በአልትራሳውንድ ሆዷ ውስጥ ጥቂት ውሃ ቀርቷል። እንቅልፏ ተስተካክሏል። ነጥቡ 7 ሆነ። ቢ። ፕላትሌቷ 88 ሺህ ላይ ነው፤ ጠባሳው እንደነበረ ስለሆነ እሱ ቶሎ አይነሳም። የምግብ ቧንቧዋ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች ስላሉ ለእሱም መድኃኒት ጀምራለች።

እቴቴ አሁን ቁጥሮቹን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ወረቀቱን ስቀበል «አልቡሚኔ ስንት ሆነ?» ትላለች፣ ስለ አንድ ልጇ እንደምትጠይቅ። ሲጨምር ራሷ በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ታሰፍረዋለች። እጇ አይዘልም።

የቀረን አጎቴ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ባሕር ዳር ይኖራል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ መመርመር አለበት። «እኔ ምን ሆኜ! ትራክተር የምጎትት ሰው ነኝ» ይላል። ሰባት ወር ለመንነው። እቴቴ አንድ ቀን ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ። «አንተ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? እኔም እንዳንተ ነበር የምለው» አለችውና ዘጋችው።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። እጅጌውን ጠቅልሎ ሲቀመጥ የክንዱ ደም ሥር ገመድ ያክላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ለላብራቶሪው ልጅ አስነበብኩት፦ ሄፓታይተስ ቢ፣ የደም ቆጠራ፣ ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲ፣ አልቡሚን። ልጁ «ይኼ ሁሉ ታዟል?» አለኝ። ታዟል አልኩት።

ውጤቱ ረቡዕ ይደርሳል ተብለናል። እቴቴ ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገልጣ ስሙን ጽፋለች።